ሳልገባበት የመዘገብሁት ሕንፃ

ስሜ ተለጠፈ!

የማትሪክ ውጤቴ መስሏችሁ እልል እንዳትሉ። እሱ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሩ የሚመጣ ይመስለኛል። ስሜ የተለጠፈው በጊዜያዊ ጸሐፊነት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። «ለመስክ ሥራ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዙ» ይላል ርእሱ። ከሥሩ ሦስት ስም አለ፤ አንደኛ የቡድን መሪው ጓድ ሽፈራው፥ ሁለተኛ ሹፌሩ ጋሽ ታፈረ፥ ሦስተኛ እኔ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አራተኛውን ሌላ ሰው ያንብብልኝ ብዬ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። የሚያልፈው ሁሉ ሥራ ስላለው አልፎኝ ሄደ። በመጨረሻ ተላላኪዋ እትዬ ዘነቡ መጥተው፥

«አንቺ ልጅ፥ ሰሌዳው እንዳይወድቅ ደግፊ ብለውሽ ነው?» አሉኝ።

እናቴ ደስታዋን የገለጠችው በሹራብ ነው። ሁለት ሹራብ ሻንጣዬ ውስጥ ጨመረች። «እማዬ፥ ባሕር ዳር እኮ ሞቃት ነው» ብላት፥ «ውሃ ካለበት ብርድ አይጠፋም» ብላ ሦስተኛ ደገመች። አባቴ ደግሞ «ያየሽውን ሁሉ አትናገሪ፤ ለሰውም አስተርፊለት» ብሎ መከረኝ። ምክሩን በልቤ ጻፍሁት። ልቤ ላይ የጻፍሁትን ግን መልሼ የማንበብ ልማድ የለኝም።

ደስታዬ ላይ አንዲት እሾህ ነበረች። ጓድ ሽፈራው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን መስክ ለሴት ልጅ አይሆንም ባይ ናቸው። ገና መኪናው ውስጥ ቁጭ ከማለቴ ወደ ኋላ ዞር ብለው፥ «ስሚ፥ ይህ ጉዞ ፈተናሽ ነው» አሉኝ። «ቅጾችሽ ንጹሕ ሆነው ከተመለሱ የሚቀጥለውም መስክ ያንቺ ነው። ካልሆነ ግን ወደ መዝገብ ቤት።»

መዝገብ ቤታችንን ለማታውቁ፦ መስኮት የለውም። አቧራው ከኔ በፊት የተቀጠረ ስለሆነ ማዕረጉ ይበልጠኛል። እዚያ ሦስት ወር ተቀምጬ ያየሁት ትልቁ ትርኢት፥ አንድ አይጥ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ወረቀት አፉ ላይ ይዞ ሲሄድ ነው። ስለዚህ «እሺ ጓድ፥ ንጹሕ አድርጌ እጽፋለሁ» አልሁ። እውነቴን ነበር። ሁሌም እውነቴን ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራችን ሕንፃ መመዝገብ ነው። አንድ ቅጽ ለአንድ ሕንፃ። የባለቤቱ ስም፥ የክፍሉ ብዛት፥ ግድግዳው ጭቃ ነው፥ ድንጋይ ነው ወይስ ብሎኬት፥ ጣራው ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ፥ ሁኔታው ጥሩ፥ መካከለኛ ወይስ መጥፎ። ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ታደርጋላችሁ፥ አለቀ። ከታች «ተጨማሪ ማብራሪያ» የሚል ሁለት መስመር አለ። ጓድ ሽፈራው እንዳስረዱኝ ያ መስመር የተሠመረው ባዶ እንዲሆን ነው።

ከዚያ ባሕር ዳር ደረስን።

እኔ ያደግሁት አቀበትና ቁልቁለት ባለበት አገር ነው፤ ስንሄድ የምናየው እግራችንን ነው። ባሕር ዳር ግን ሜዳ ናት። መንገዱ ሰፊ፥ ግራና ቀኙ ዘንባባ። ዘንባባዎቹ በሰልፍ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉ ይመስላሉ፤ ለዚያውም የቀረ እንዳለ ስም የሚጠራ ሊቀ መንበር ሳይኖርባቸው። ከዘንባባው ጀርባ ቤቶቹ! ነጫጭ፥ ዝቅ ያሉ፥ ሰፊ በረንዳ ያላቸው፥ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞሩ። አንዱ ሕንፃ ደረጃውን ከውጭ አውጥቶ እንደ በግ ቀንድ ጠምዝዞታል። ሌላው ግድግዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው የሲሚንቶ ጡብ የተሠራ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት ወለሉ ላይ የጥልፍ ጥላ ይወርዳል። ቀልዴን አይደለም፤ የቀሚስ ጥለት የመሰለ ጥላ! ሊሾው ላይ ስትራመዱ ጥልፉ እግራችሁ ላይ ይወጣል። እኔ ሕንፃ ማለት ዝናብ የሚከለክል ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ብርሃን በምን መልኩ እንዲገባለት አስቦም ይሠራል!

ይህን ሁሉ ቀና ብዬ ሳይ ቦይ ውስጥ ገባሁ።

ጋሽ ታፈረ እጄን ይዘው እየሳቡኝ፥ «ልጄ፥ የምንመዘግበው ከመሬት በላይ ያለውን ነው» አሉ።

አንድ እግሬ ጭቃ፥ አንድ እግሬ ንጹሕ ሆኖ ሥራ ጀመርሁ። የመጀመሪያዋ ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ ይባላሉ፤ ቤታቸው ፋሲሎ ሰፈር ነው። ከግቢው በር ስገባ የበረንዳቸው ምሰሶዎች ላይ ዐይኔ ዐረፈ፤ አናታቸው ላይ የዘንባባ ቅጠል ተቀርጿል።

«ውይ እትዬ ብርቄ፥ ቤትዎ እንዴት ያምራል!» አልሁ።

ፊታቸው አመድ መሰለ።

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ወረቀትና ብዕር ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ቤት አደነቀ ማለት፥ ጅብ የበጉን ላት አደነቀ ማለት ነው። ይህን ከኔ በቀር አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«የት ያምራል ልጄ! ሊወድቅ እኮ ነው» አሉ።

«ምሰሶው ግን…»

«ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል!»

«እትዬ፥ ሲሚንቶ እኮ ነው።»

«የባሕር ዳርን ምስጥ አታውቂውም!»

እኔ ትሕትና መሰለኝ። ትሑት ሰው ሲገጥማችሁ ደግሞ ማበርታት ደንብ ነው፤ ስለዚህ ጨመርሁበት። ወለሉን አደነቅሁ፤ «ያፈሳል» አሉ። ወለል ያፈሳል? መስኮቱን አደነቅሁ፤ «አይዘጋም» አሉ። ዘጋሁት። «አይከፈትም» አሉ። ከፈትሁት። በመጨረሻ የግድግዳውን ልስን በእጄ እየዳሰስሁ «እንደ ሐር ነው» ስል፥ ከጓዳ ዘነዘና ይዘው ወጡና ግድግዳውን አንድ ጊዜ ደለቁት። ልስኑ የሰሐን ያህል ተፈነከተ።

«ይኸው! አላልሁሽም?» አሉ፥ ላብ በላብ ሆነው፥ ድል አድርገው።

እኔም «ሁኔታ፦ ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና በማብራሪያው ሁለት መስመር ስለ ምሰሶዎቹ ጻፍሁ። አልበቃኝም፤ ገልብጬ ጀርባው ላይ ቀጠልሁ። አንድ ጊዜ ብዕር ከያዝሁ፥ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የተበጠሰ ጋሪ ማለት ነኝ።

ወሬ ከመኪናችን ይፈጥናል። ሁለተኛው ቤት ስንደርስ «ቤት የምታደንቅ ልጅ መጣች» የሚለው ቀድሞን ደርሷል። አንድ ሰውዬ መጋረጃውን እያወረደ አገኘሁት። አንዲት ሴትዮ አሮጌ ጆንያ በረንዳቸው ላይ ሲያሰጡ ደረስሁ። በቤት ጫማና በቁምጣ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ያገኘሁት ጎልማሳ ደግሞ «ቤቱ የኔ አይደለም፤ እንግዳ ነኝ» አለኝ። «ባለቤቱ ማን ይባላል?» ስለው፥ «ገና አልተዋወቅንም» አለ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ በር ሁሉ ተዘጋ። ጓድ ሽፈራው ቀበሌ ሄደው «የሚወረስ ነገር የለም፥ ምዝገባ ብቻ ነው» ብለው እስኪያስረዱ ድረስ ምላሳቸው ደረቀ። ሲመለሱ ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰው ያለበት ቤት አትገቢም!»

«ታዲያ ጓድ፥ ምን ልመዝግብ?»

ጣታቸው ከኔ ላይ ተነሥቶ ባረፍንበት ክፍል መስኮት በኩል ወደ ሐይቁ ሄደ። «እዚያ ከደሴቶቹ በአንዱ ላይ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዝርዝራችን ውስጥ ነው። የሚደነግጥ ባለቤት የለበትም። ሂጂና እስኪበቃሽ አድንቂ። ግን ቅጹን ሞልተሽ፥ ፈርመሽ፥ አንድ ነገር ሳይጎድል! ይህ የመጨረሻ ዕድልሽ ነው።»

ጋሽ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጓድ፥ ወደ ደሴቱማ ሴት አይገባም ይላሉ።»

«ይህ ያለፈው ሥርዓት ወሬ ነው! አብዮቱ የሴቶችን እኩልነት አውጇል።»

«እሱስ አውጇል» አሉ ጋሽ ታፈረ፤ «ደሴቱ ግን ሬዲዮ የለውም።»

የደሴቱን ስም አልነግራችሁም፤ ቆይታችሁ የምታገኟቸው አባ «የደሴቱ ስም አይነሣ፥ የሕንፃው ነገር ብቻ ይነሣ» ብለውኛል። በማግስቱ ጠዋት በደንገል ታንኳ ተሻገርሁ። ደንገል ታንኳ ማለት ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰሌን ነው፤ ውሃው ከሥር እየመጣ «ደኅና ነሽ?» ይላችኋል። ቅጾቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ጭንቅላቴ ላይ ያዝሁ። ባለታንኳው «እቴ፥ ስለ ምን እጅሽን ሰቀልሽ? ማንም አልማረከሽም» አለኝ። የእናቴን ሁለተኛ ሹራብ ተቀመጥሁበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ወደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ አባ ወልደ ትንሣኤ ይባላሉ። ወርጄ ሁለት እርምጃ ስሄድ መቋሚያቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩኝ።

«ልጄ፥ እንኳን ደኅና መጣሽ። ከዚያች ድንጋይ ግን አትለፊ። ከጥንት ጀምሮ ሴት አልፋት አታውቅም።»

«አባ፥ ቤተ ክርስቲያኑን መመዝገብ አለብኝ።»

«መዝግቢያ።»

«ከዚህ ሆኜ አይታየኝም እኮ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ዛፍ ነው። ከዛፉ በላይ፥ በስተርቀት፥ የጉልላቱ ጫፍ ብቻ እንደ አውራ ጣት ብቅ ብሏል። ያን ጊዜ መዝገብ ቤት፥ አቧራውም አይጡም፥ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁና እንባዬ መጣ። አልዋሻችሁም፤ ትንሽ አለቀስሁ። አባም ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

«ምንድን ነው የሚያስለቅስሽ?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ወይዘሮ ብርቄን ከነዘነዘናቸው ሳይቀር። ሳቅ ሲቃጣቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«እኔ በዚያች ቤት ሠላሳ ስንት ዓመት ቆሜባታለሁ» አሉ። «አንቺ ጠይቂ፥ እኔ ልንገርሽ፤ ዐይን እኔ አለኝ፥ እጅ አንቺ አለሽ።»

ብድግ ብዬ እጃቸውን ልስም አልሁ፤ ድንጋዩ ትዝ አለኝና ተመለስሁ። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«የባለቤቱ ስም?»

«እግዚአብሔር።»

ጻፍሁ። «የአባት ስም?»

መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ያንን ዘለልሁት።

«ሥራው? ጡረታ የወጣ ነው ወይስ በሥራ ላይ ያለ?»

«በሥራ ላይ ያለ» አሉ፥ ሳያመነቱ።

«የነዋሪዎች ብዛት?»

አባ ዐይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ፤ ጻድቃኑን፥ ሰማዕታቱን፥ ቅዱሳን መላእክቱን ከነአለቆቻቸው። ብዕሬ ሊደርስባቸው አልቻለም።

«አባ፥ በሕይወት ያሉትን ብቻ!»

«ሞቱ ያለሽ ማን ነው?»

«የክፍሎች ብዛት?»

«ሦስት። ቅኔ ማሕሌት፥ ቅድስት፥ መቅደስ።»

«ወጥ ቤት?»

«ቤተ ልሔም አለን፤ መሥዋዕቱ የሚዘጋጅበት።»

የሚቀጥለው ጥያቄ የመጸዳጃ ነገር ስለ ነበር አፍሬ ላልፈው ስል፥ «ምን ይላል? አንብቢው» አሉ። በሹክሹክታ አነበብሁት። «ጻፊ፥ አለ በይ። መነኩሴም ሰው ነው» አሉ።

እስከዚህ ቅጹ ነበር። ከዚያ «ግድግዳው ከምን ተሠራ?» ስል አባ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። ቤቱ ክብ ነው አሉ፤ በውስጡ ግን አራት ማዕዘን መቅደስ ቆሟል፤ ክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን፥ መዳፍ ውስጥ እንዳለ ዳዊት። ጣራው ሣር ነው፤ ከሥሩ ቀና ብለሽ ስታዪው ሸምበቆው ከመካከል ተነሥቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ይሄዳል። በሮቹ ከዋንዛ፥ እያንዳንዱ ከአንድ ግንድ የተጠረበ። በሩ ላይ ሁለት መላእክት ሰይፍ መዝዘው ተሥለዋል፤ ስትከፍቺው ይለያያሉ፥ ስትዘጊው ይገናኛሉ። ግድግዳው ከእግሩ እስከ አናቱ ሥዕል ነው። ፈርዖን ከነሠራዊቱ ሲሰጥም አለ፤ ሠዓሊው የዚሁ አገር ሰው ስለ ሆነ ሌላ ባሕር አያውቅም፤ በኤርትራ ባሕር ውስጥ የጣናን አምባዛ ዓሣ ሥሎበታል፤ አንዱ አምባዛ የፈርዖንን የራስ ቁር በጺሙ ሲነካካ ይታያል።

እኔ መጻፍ ነው። ሁለቱ መስመር አለቀ፥ ጀርባው አለቀ፥ በሌላ ባዶ ቅጽ ጀርባ ቀጠልሁ። ሳላየው አየሁት።

ስጨርስ አባ ወደ ማዶ፥ ወደ ከተማው ዞሩ። «አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው» አሉ። «ከመነኮስሁ ወዲህ አልተሻገርሁም። እዚያ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?»

«የፎቅ ቤት መስተዋት ነው፥ አባ።»

«ፎቅ ማለት ቤት በቤት ላይ ነው አሉ። ታዲያ የላይኛው ሰውዬ የታችኛውን አይረግጠውም?»

«አይረግጠውም፤ በደረጃ ሲወርድ ሰላም ይለዋል።»

ደረጃውን ነገርኋቸው፤ እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘውን። ዘንባባውን፥ በረንዳውን፥ የወይዘሮ ብርቄን ምሰሶዎች። የጥልፉን ጥላ ስነግራቸው መቋሚያቸውን ጣል አድርገው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን መቱ።

«ለፀሐይ ቀሚስ የሚጠልፍ ግድግዳ! ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ!»

እንዲህ ደስ ብሎን ሳለ ነው የቅጹን ግርጌ ያየሁት። «ከላይ የተጠቀሰውን ሕንፃ በአካል ገብቼ፥ በዐይኔ አይቼ መዝግቤአለሁ። ፊርማ።» ብዕሬ ቆመ። መነኩሴ ፊት ተቀምጦ ሐሰት መፈረም ደግሞ የድፍረቱም ድፍረት ነው።

«አባ፥ ምን ልበል?»

«የሆነውን በያ።»

የታተመውን ሰረዝሁና በላዩ ጻፍሁ፦ «አባ አይተው ነገሩኝ፤ እኔ ከድንጋዩ ወዲህ ተቀምጬ ዐይናቸውን አምኜ መዘገብሁ።» ፈረምሁ። በዚያች ደቂቃ በጣም ኮራሁ። ኩራቴ ታንኳው ማዶ እስኪደርስ ቆየ።

ጓድ ሽፈራው ቅጹን ሲያነቡ ቅንድባቸው ቀስ በቀስ ወደ ፀጉራቸው ተሰደደ። «ባለቤት፦ እግዚአብሔር?» አሉ፤ ወዲያው በሩን ዞር ብለው አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሥራ ላይ ያለ? ይህን ይዤ ነው ደብረ ማርቆስ የምገባው?» ግርጌው ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ተመለሰ። «ሰረዝሽ? የመንግሥት ቅጽ ሰረዝሽ? በስሚ ስሚ ሕንፃ ይመዘገባል? በቃ! መዝገብ ቤት!»

አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ታፈረ ሲጋራቸውን ረጋ ብለው አጠፉ።

«ጓድ፥ የተጻፈው ውሸት ይሁን እውነት አንድ ሰው ገብቶ ቢያጣራስ? ወንድ መሆን አለበት እንጂ።»

«ጥሩ። ሂድና አጣራ።»

«እኔማ መኪናውን ትቼ የት እሄዳለሁ? የመንግሥት ንብረት ነው።»

ጓድ ሽፈራው ሐይቁን አዩት። ለካ እሳቸው ውሃ ይፈራሉ! ደሴቱን ለኔ የሰጡኝ ለአብዮቱ እኩልነት ብቻ አልነበረም። ግን ከሁለታችን ፊት «እፈራለሁ» ከሚሉ መስጠም ይቀላቸዋል።

«እሄዳለሁ» አሉ። «እሷም ትምጣ፤ ወደቡ ላይ ትጠብቅ። አንድ፥ አንዲት ስህተት ካገኘሁ…»

በማግስቱ ታንኳው ላይ መሐል ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ግራና ቀኙን ጨመደዱት። የእናቴን ሦስተኛ ሹራብ ሰጠኋቸው፤ ያለ ክርክር ተቀመጡበት። «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብለው ባለታንኳውን ጠየቁት። «ለአንድ ሰው ይበቃል» አላቸው። መሐል ላይ ነፋስ ሲነሣ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ «በስመ አብ» የሚል የሰማሁ መሰለኝ።

«ጓድ፥ ምን አሉኝ?»

«የነፋሱን አቅጣጫ እያጣራሁ ነው!»

አባ ወደቡ ላይ ተቀበሉን። ጓድ ሽፈራው ቅጹንና ቀይ እርሳሳቸውን ይዘው ድንጋዩን አልፈው ወደ ዛፎቹ ገቡ። እኔ ተቀመጥሁ። ቀይ እርሳስ! ስንት ጊዜ ምልክት ያደርጉበት ይሆን? አባ ቢረሱስ? አምባዛው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያዩት ቢሆንስ? ሽማግሌ አይደሉ? ፀሐይዋ ከትከሻዬ ወደ አናቴ ወጣች። ባለታንኳው ተኛ። ወይ ቅጹ፥ ወይ ሰውየው፥ ወይ ድምፅ፤ የሚመጣ ነገር ጠፋ።

ሲመጡ በባዶ እግራቸው ነበሩ። ጫማቸውን እበሩ ላይ እንደ ተዉት አላወቁም። አባ ከኋላቸው ጫማውን ይዘው ይመጣሉ።

«አንድ ስህተት አለ» አሉ ጓድ ሽፈራው።

«አምባዛው ነው?»

«አምባዛውማ አለ! ጺሙም አለ!» አሉ፥ እንደ መቆጣት ብለው። «ሸምበቆውም እንዳልሽው ነው። በሩንም እኔው ራሴ ከፈትሁት፥ ዘጋሁት፤ መላእክቱ ይገናኛሉ። ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።» ከዚያ ቅጹን አፍንጫዬ ሥር ዘረጉት። «ሁኔታ የሚለው ላይ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«'ጥሩ' የሚለው ላይ ምልክት…»

«ጥሩ!» አሉ። «ጥሩ! ያንን ሁሉ… ያንን…» እጃቸው አየር ላይ ክብ ሠራ፥ ክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን ሠራ፥ ወደቀ። «ሳጥን የለውም። ሦስቱንም ሳጥን አየሁ፤ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አላተሙም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ ጓድ?»

«ብዕርሽን ስጪኝ።»

ቀይ እርሳሱን ኪሳቸው ከተቱ። ድንጋዩ ላይ፥ አጠገቤ ተቀመጡና ወረቀቱን ገለበጡ፤ ጀርባውን እኔ ጨርሼዋለሁ። ጠርዙን ያዙ፤ በጠርዙ ዙሪያ፥ ወረቀቱን እያዞሩ፥ በደቃቅ ፊደል ጻፉ፥ ጻፉ። ምን እንደ ጻፉ አላሳዩኝም። ሲጨርሱ ከተሰረዘው መስመር ሥር፥ ከኔ ፊርማ አጠገብ ፈረሙ። ከዚያ ጫማቸውን እያጠለቁ፥ ወደኔ ሳያዩ፥

«የሚቀጥለው መስክ ጎርጎራ ነው። ብዙ ወረቀት ያዢ፤ ለኔም» አሉ።

እልልታዬን ባለታንኳው በእንቅልፉ ሰምቶ ውሃ ውስጥ ሊወድቅ ነበር።

አባ እስከ ውሃው ጠርዝ ሸኙን። «ያመጣሃቸው ጓድ ደኅና ሰው ናቸው» አሉ ለባለታንኳው፤ ጓድ ሽፈራውን አልፈው ወደኔ ጎንበስ ብለው ደግሞ፥ «የደብረ ማርቆስን ቤቶች ንገሩኝ ብላቸው 'በአብዛኛው መካከለኛ ናቸው' አሉኝ። እንዲህ ተብሎ ይነገራል? አሁን አንቺ ጎርጎራ ልትሄጂብኝ ነው። ሕንፃ ያየ ሰው ካለሽ ላኪልኝ» አሉ። «ፎቅም ይሁን፥ ጎጆም ይሁን፥ የገዛ ቤቱም ይሁን። ወንድ ከሆነ እኛም ጋ ገብቶ ያያል። ሴት ከሆነች ከድንጋዩ ወዲህ ሰሌን አነጥፋለሁ፤ እኔ እነግራታለሁ፥ እሷ ትነግረኛለች።»

እንግዲህ ሰምታችኋል። ባሕር ዳር ለሥራም ሆነ ለዘመድ የመጣችሁ፥ ተሻገሩ። ታንኳው ላይ መሐል ተቀመጡ፤ ሹራብ አትርሱ። የትኛው ደሴት ነው ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ ባለታንኳዎቹን «ሕንፃ የሚጠይቁት አባ» በሏቸው፥ ያደርሷችኋል። እኔ እንደ ላክኋችሁ ንገሯቸው። ቤታችሁ ትንሽ ነው ብላችሁም አትፈሩ፤ አባ የክፍል ብዛት አይጠይቁም። ከጨዋታው ሁሉ በፊት የሚጠይቁት «ጠዋት ብርሃኑ በየት በኩል ይገባል?» ብለው ነው። እኔ እንኳ ስንሰነባበት ስለ ገዛ ቤታችን ተጠይቄ መመለስ አቅቶኝ አፍሬአለሁና፥ እናንተ ነገ ጠዋት ከአልጋችሁ ሳትወርዱ ዙሪያችሁን ደኅና አድርጋችሁ እዩት።